የተሰረቀ መሣሪያ ለተቀደሰ ዝማሬ?

ቤታችሁ ውስጥ ስቱዲዮ ከመክፈታችሁ በፊት ልትነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ

ዛሬ የማነሣው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ የወጣቶች ወሬ ሊመስል ይችላል። ዝማሬ ለመቅዳት ስለሚያገለግል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነውና። ነገር ግን በእኛ ቤት እንባ ያፈሰስንበት ጉዳይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

የምንኖረው ጉቴ ነው። ጉቴ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከነቀምቴ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ከተማ ናት። የበኩር ልጃችን ኪቦርድ ይጫወታል፤ ከመዘምራን ጋርም ያገለግላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕቃ ቤታችንን አጸዳ፤ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፈነ፤ አንድ ማይክና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞም "ስቱዲዮ" ከፈተ። መጀመሪያ እንዲቀዱ የመረጥናቸው በማኅበራችን ያሉ አንዲት አረጋዊት አዴ ነበሩ። እኚህ እናት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸውን፣ በመዝሙር መጽሐፋችን ውስጥ የማይገኙ የኦሮምኛ ዝማሬዎች በቃላቸው ይዘዋል። ልጄ ስምንቱን በሦስት ቀን ቀዳቸው።

ፕሮግራሙን ከየት አመጣው? አንድ ሱቅ በፍላሽ ገልብጦ ጫነለት። ትላልቅ ስቱዲዮዎች የሚሠሩበት፣ ዋጋው የማይቀመስ ፕሮግራም ነው፤ ቁልፉ ተሰብሮ "ክራክ" የተደረገ። ለሱቁ የተከፈለውን ገንዘብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገብቼ ክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር የተማርሁ ሴት፣ "ይህ ነገር የማን ነው?" ብዬ አልጠየቅሁም። እንዲያውም በርካሽ በማግኘታችን ጌታን አመሰገንሁ!

ወር ሳይሞላ ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ፋይሎች አልከፈት አሉ። የሚያውቁ ሰዎች ሲያዩት ከክራኩ ጋር አብሮ የገባ ቫይረስ መሆኑን ነገሩን። ስምንቱም ዝማሬ ጠፋ። ሌላ ቦታ አልገለበጥነውም ነበር። ደግመን ልንቀዳቸው ወደ አዴ ስንሄድ ክረምቱን ታመው፣ ትንፋሻቸው አጥሮ አገኘናቸው። በብዙ ድካም ሦስቱን ዘመሩልን። የቀሩትን አምስቱን ግን ጉልበታቸው አልፈቀደላቸውም።

ማታ ልጁን ልቆጣው ስነሣ ባለቤቴ በዝግታ፣ "ገንዘቡን የሰጠው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ከዚያ ምሽት በኋላ የተማርነውን ለማካፈል ነው።

ድምፅን ማስቀረት የቆየ አደራ ነው

በወለጋ ለምንኖር ዝማሬንና ቃልን ማስቀረት አዲስ ነገር አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሆነው የሕዝባቸውን ቋንቋ በወረቀት ላይ አኖሩ። አስቴር በቃል ሲወርዱ የመጡ ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ምሳሌዎችን እየሰበሰበች ትጽፍ ነበር፤ ከሥራዋም ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ኦነሲሞስ በኋላ ወደ ነቀምቴ መጥቶ ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1931 በዚያው አረፈ።

በእነርሱ ዘመን የነበረው መሣሪያ ብዕርና ወረቀት ነው። ቀጥሎ የሬዲዮ ዘመን መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ይሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ መዝሙርን በየቤቱ አደረሰ። ከዚያም ካሴት መጣ። ዛሬ ደግሞ አንድ ወጣት ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የእናቶቹን ድምፅ ማስቀረት ይችላል። ይህ ታላቅ በረከት ነው። አደራም ነው፤ አደራን ደግሞ በተሰረቀ ዕቃ አይጠብቁትም።

ስለ ካሴት ስንጮህ አልነበረምን?

በዕድሜ ከእኔ ጋር የምትስተካከሉ ታስታውሳላችሁ። የአንድ ዘማሪ ካሴት በወጣ በሳምንቱ በየመንገዱ ተባዝቶ ይሸጥ ነበር። ዘማሪው ላቡን አፍስሶ ባዶ እጁን ይቀራል። "ይህ ስርቆት ነው!" ብለን ጮኽን፤ በመድረክም ጭምር ገሠጽን። ሕጉም መጣ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። ይህ አዋጅ ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ጋር የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። የእኛ ዘማሪ ሲሰረቅ የጮኽንበት ሕግ፣ እኛ ከሌላው ስንወስድ ዝም ሊል አይችልም።

"በደርግ ጊዜ ካሴት እየገለበጥን አልነበረም ወይ?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አዎን፣ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙር ከእጅ ወደ እጅ በካሴት ይዞር ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ዘማሪው ራሱ እንዲገለበጥለት ይፈልግ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ "ውሰዱ፣ አባዙ" ካለ ስጦታ ነው። ባለቤቱ ካልፈቀደ ግን፣ በፍላሽም ይሁን በሌሊት፣ ያው ስርቆት ነው።

በ2ኛ ሳሙኤል 24 ዳዊት የኦርናን አውድማ በነፃ ሲሰጡት እንቢ ብሎ በገንዘብ እንደ ገዛ እናነባለን። ዋጋ ያልከፈለበትን ነገር ለእግዚአብሔር ማቅረብ አልፈለገም። ኦርና ደግሞ በፈቃዱ ነበር የሚሰጠው! እኛ ግን ባለቤቱ ያልሰጠንን ወስደን መሥዋዕት ልናቀርብ ተነሣን።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ምንድን ነው?

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። እነዚህ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው "ትራክ" በሚባል መስመር ላይ ያኖራሉ። ሶሎው በአንድ፣ ተቀባዮቹ በሌላ፣ ጊታሩ በሌላ፣ ኪቦርዱ በሌላ። ስለዚህ አንዱ ቢሳሳት የእርሱን ብቻ ደግሞ መቅዳት ይቻላል። በኋላ ሁሉንም አመጣጥኖ አንድ መዝሙር ማድረግ ሚክሲንግ ይባላል።

ኪቦርድ በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛው ድምፁን ራሱን መቅዳት ነው። ሁለተኛው ሚዲ የሚባለው ነው፤ ሚዲ ድምፅ አይይዝም፤ የትኛው ቁልፍ መቼና ምን ያህል ጠንክሮ እንደ ተነካ ብቻ ይመዘግባል። በኋላ ድምፁን ከፒያኖ ወደ ዋሽንት መለወጥ፣ የተሳሳተውን ኖታ ማረም ይቻላል። ይህን ልዩነት ካወቃችሁ ግማሹን ምርጫ ጨረሳችሁ ማለት ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት አራት ጥያቄዎች

1. የምትቀዱት ምንድን ነው? ስብከትና አንድ ሰው ብቻውን የሚዘምረው ከሆነ ቀላል ፕሮግራም ይበቃል። የመዘምራን ቡድን ከነሙሉ ቅንብሩ ከሆነ ብዙ ትራክና ሚዲ ያስፈልጋችኋል።

2. ኮምፒውተራችሁ ምን ያህል ይሸከማል? ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ከባድ ፕሮግራም መጫን በአንድ በሬ ማረስ ነው። ሌላው ችግር መዘግየት ነው። ዘማሪው የዘመረው ድምፅ በሄድፎኑ ዘግይቶ ከመጣ ምቱ ይጠፋበታል። ይህን የሚወስነው በፈር የሚባለው ማስተካከያ ነው። በ48,000 ናሙና ፍጥነት በፈሩ 256 ሲሆን መዘግየቱ በአንድ ጉዞ ወደ 5 ሺህኛ ሰከንድ ነው፤ 1,024 ሲሆን ወደ 21 ሺህኛ ሰከንድ ይደርሳል። ስትቀዱ ዝቅ፣ ሚክስ ስታደርጉ ከፍ አድርጉት። ኮምፒውተሩ ዝቅተኛውን በፈር መሸከም ካልቻለ ድምፁ ይቆራረጣል።

3. መብራት ሲጠፋስ? ይህን ጥያቄ እኛ አገር የማይጠይቅ ይጸጸታል። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይመረጣል፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። ፕሮግራሙ በየደቂቃዎቹ ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አድርጉት። ስትቀዱም በኤምፒ3 ሳይሆን በዌቭ ቅዱ። በ24 ቢትና በ48,000 ናሙና አንድ ትራክ በደቂቃ ወደ 9 ሜጋባይት ይወስዳል። 5 ደቂቃ የሚፈጅ ባለ 16 ትራክ መዝሙር 700 ሜጋባይት ገደማ፣ አሥር መዝሙር ደግሞ 7 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ፍላሽ ይችለዋል! በየምሽቱ ገልብጡት፤ ፍላሹንም ሌላ ክፍል አስቀምጡ። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ የአዴ አምስቱ ዝማሬዎች ዛሬ በእጃችን ነበሩ።

4. የሚያስተምራችሁ ማን ነው? በአጠገባችሁ ያለ ወንድም የሚያውቀው ፕሮግራም፣ ማንም ከማያውቀው "ታላቅ" ፕሮግራም ይሻላችኋል።

በንጹሕ እጅ ልንይዛቸው የምንችላቸው

የሚገርመው ነገር፣ መስረቅ አያስፈልገንም ነበር። እስቲ እንያቸው።

ኦዳሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ፕሮግራም ነው። ባለቤቶቹ ማንም እንዲጠቀምበትና ለሌላው እንዲያካፍለው ፈቅደዋል። ስለዚህ ከጓደኛ በፍላሽ ብትገለብጡት ስርቆት የለበትም። ስብከት ለመቁረጥ፣ የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት፣ አንድ ዘማሪ ከጊታር ጋር ለመቅዳት በጣም ይበቃል። ሚዲ ለመቅዳት ግን የተሠራ አይደለም። አዴን የቀዳነው በድምፅ ብቻ ስለ ነበር፣ ይህ ነፃው ፕሮግራም ይበቃን ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሪፐር እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ ሲሆን ለትንሽ ስቱዲዮ ተስማሚ ሆኖ ያገኘነው እርሱን ነው። ሲወርድ ከአንድ የቪዲዮ መዝሙር ያነሰ ቦታ ይወስዳል፤ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል፤ ብዙ ትራክና ሚዲ አለው። 60 ቀን ሙሉውን በነፃ እንድትሞክሩት ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ ለግለሰብና ለአነስተኛ ሥራ፣ እንዲሁም ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ዋጋው 60 ዶላር ነው።

ኤፍ ኤል ስቱዲዮን ወጣቶቻችን ለቅንብር ይወዱታል። አንድ ጊዜ ከገዛችሁት አዳዲሱን እትም ዕድሜ ልክ በነፃ ይሰጣል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጨረሻው ርካሽ እትም በማይክ ድምፅ ለመቅዳት አያገለግልም። የሙከራው እትም ደግሞ ሥራችሁን ሴቭ ያደርግላችኋል እንጂ ካልገዛችሁ መልሶ አይከፍትላችሁም።

ኩቤዝ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ በደረጃ ይሸጣል። ፕሮ ቱልስ ደግሞ ኢንትሮ የሚባል ነፃ እትም አለው፤ 8 የድምፅ ትራክ ይሰጣል፤ ግን ጠንከር ያለ ኮምፒውተርና በኢንተርኔት መመዝገብን ይጠይቃል። የአፕል ኮምፒውተር ያላችሁ ጋራጅባንድ በነፃ አላችሁ። ስልክ ብቻ ያላችሁም ባንድላብን ሞክሩ፤ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል።

አንድ ምክር ልጨምር። ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ኢንተርፌስ አዲስ ከገዛችሁ ካርቶኑን ቶሎ አትጣሉ። ብዙዎቹ ከአንድ ፕሮግራም አነስተኛ እትም ጋር ይሸጣሉ፤ ፈቃዱ የሚገኘው ዕቃውን በኢንተርኔት ስታስመዘግቡ ነው። የከፈላችሁበት ሆኖ ሳለ ሳታውቁት ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት።

61ኛው ቀን

ስለ ሪፐር ያልነገርኋችሁ አንድ ነገር አለ። 60ው ቀን ሲያልቅ ፕሮግራሙ አይዘጋም! ስትከፍቱት ጥቂት ሰከንድ ያስጠብቃችሁና "የሙከራ ጊዜያችሁ አልፏል፤ እባካችሁ ግዙ" የሚል ማሳሰቢያ ያሳያችኋል። ከዚያ ይከፈታል፤ ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ይሠራል። የሚቆጣጠር የለም።

ልጄ በ61ኛው ቀን መጥቶ፣ "እማዬ፣ እኮ ይከፈታል! ለምን እንከፍላለን?" አለኝ። ልጁ ሞኝ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 60 ዶላር ለአንድ የአገልጋይ ቤት ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ ያውቃል። እኔም ለጊዜው ዝም አልሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ከእርሱ ጋር ነበር።

በዚያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ክራኩ ላይ ቢያንስ የሚሰበር ቁልፍ ነበረ። እዚህ ግን ቁልፍም የለም፤ ሰውየው እኛን አምኖ በሩን ክፍት ትቶታል። ልጃችን ሰው በማያይበት ቦታ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን የሚማረው ከዚህ ትንሽ ነገር ነው። ሁልጊዜ ሰንበት ት/ቤት ከምናስተምረው ይልቅ እናቱ በ61ኛው ቀን ያደረገችውን ያስታውሳል።

ማታ ባለቤቴና እኔ ተነጋገርን። ልጁ ለሠርግ ኪቦርድ ተጫውቶ ካገኘው ግማሹን፣ እኛ ግማሹን አዋጣን። ከእኛ አገር ሆኖ በዶላር መክፈል ስለማይቀና ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ገዛልን፤ እኛ ብሩን እዚህ ለእናቱ ሰጠን። ውጭ አገር ዘመድ ላለው ቤት ዘዴው ቀላል ነው። ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስስ? በኦዳሲቲ ሠራ፤ የሞተ የለም።

ከፕሮግራሙ በፊት ጣሪያው

ወጣቶች ሆይ፣ ፕሮግራም ዘማሪን ጥሩ አያደርግም። በወለጋ ክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀዳን መዝሙር የትኛውም ፕሮግራም ዝናቡን አያወጣላችሁም። በጋውን ተጠቀሙ፤ ወይም ዝናቡ የሚያባራበትን ሰዓት ለዩ። የወፍጮ ቤቱን ሰዓትና የጎረቤትን ዶሮ እወቁ። ብርድ ልብስና ፍራሽ ግድግዳው ላይ አድርጉ። ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ። በአንድ ፕሮግራም ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ቆዩ፤ በየወሩ ፕሮግራም የሚለውጥ ሰው መዝሙር አይጨርስም። በ1ኛ ዜና 15 ክናንያ መዘምራኑን እንዲመራ የተሾመው ዐዋቂ ስለ ነበር መሆኑን አትርሱ።

ባልና ሚስት ሆይ

ስቱዲዮ በቤት ሲከፈት ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚወስደው። ሌሊትም ይወስዳል፤ የምግብ ሰዓትም ይወስዳል። "ዝም በሉ፣ እየቀዳን ነው!" የሚል ቃል ሕፃናቱን ከገዛ ቤታቸው እንግዳ ያደርጋቸዋል። የሚያጉረመርሙ ሚስቶችን አይቻለሁ፤ "አገልግሎቴን ጠላች" የሚሉ ባሎችንም ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ሚስት የጠላችው አገልግሎቱን አይደለም፤ ሳትጠየቅ መወሰኑን ነው። ጌታችን በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር አስተምሮናል። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ቁጠሩ።

አዴ አሁንም በሕይወት አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጥቂት ጊዜ በፊት የቀዳናቸውን ሦስቱን ዝማሬዎች አምጥተን በሄድፎን አሰማናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና "ሌሎቹስ?" ብለው ጠየቁን። እውነቱን ነገርናቸው፤ ጥፋታችንንም አልደበቅንም። ጥቂት ዝም ብለው ልጄን አጠገባቸው አስቀመጡትና አራተኛውን በለሆሳስ፣ ያለ ዜማ፣ ቃሉን ብቻ ነገሩት። እርሱም በእርሳስ ጻፈው። እንደ አስቴር ጋኖ ማለት ነው።

በቤታችሁ ተነጋገሩበት

• በቤታችን ካሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ ባለቤቱ ያልፈቀደልን አለ ወይ? በምን እንተካዋለን?
• ለስቱዲዮው በወር ስንት ብርና በሳምንት ስንት ሌሊት እንመድባለን? ሁለታችንም ተስማምተናል?
• የቀዳነው ሥራ ዛሬ ማታ ላፕቶፑ ቢበላሽ በሌላ ቦታ ይገኛል?
• በማኅበራችን ሳይቀዱ ሊያመልጡን የማይገቡ አባቶችና እናቶች እነማን ናቸው? የምንሄድባቸውስ መቼ ነው?

ጌታ ቤታችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።